ባለ እጁ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከጓሮ በኩል በርሜል ሲንኳኳ ሰምቼ ወደ ወጥ ቤት ስወርድ እናቴ ቀድማኛለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ የእጅ ባትሪ በብብቷ ሸጉጣ፣ የመስኮቱን መጋረጃ በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ ወደ ውጭ ታያለች። ከደብረ ማርቆስ እኛ ወዳለንበት ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከመጣች ገና ሳምንት አልሞላትም፤ ሌሊቱ ቀን፣ ቀኑ ሌሊት ሆኖባት ቤታችንን የምትጠብቀው እርሷ ነበረች።

«ሽለምጥማጥ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዶሮ አላችሁ እንዴ?»

ዶሮ የለንም። ማለቴ፣ በሕይወት ያለ ዶሮ የለንም። በርሜሉ ውስጥ ግን የእሁዱ ዶሮ ወጥ አጥንት ነበር፤ ሽታው ሦስት ግቢ አቋርጦ እንግዳ ጠርቶብናል። እንግዳው ክዳኑን አንስቶ በሆዱ ተንጠልጥሎ ግማሽ አካሉ በርሜሉ ውስጥ ጠፍቷል። የሚታየን ወፍራም ዳሌውና ጥቁር ቀለበት በየመሐሉ የዞረበት ጅራቱ ብቻ ነው። እናቴ የፈረደችው በዚያ ጅራት ነበር፤ ሽለምጥማጥን የምታውቀውም በጅራቱ ነው፣ ዶሮ ነጥቆ አጥር ሲዘል ከኋላ የሚታየው ያ ነውና። ቀና ብሎ ወደ እኛ ሲዞር ግን ዓይኖቹ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል የመሰለ ነገር አየች።

«ቆይ፣ ፊቱ ደግሞ የጥርኝ ነው» አለች ተቸግራ። «ጅራቱ የሽለምጥማጥ፣ ፊቱ የጥርኝ። ይህ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?»

በዚህ መሐል የሰባት ዓመት ልጄ እንቅልፍ በያዘው ዓይኗ ደረጃውን ወርዳ መጣች፤ አንድ ጊዜ በመስኮቱ አየችና «እማማ፣ እሱ እኮ ራኩን ነው» አለች። በትምህርት ቤት ልጆች እርግጠኝነት ነው የተናገረችው።

«ራኩን ማለት ምን ማለት ነው?» አለች እናቴ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ በርሜሉ ዞርኩ። በዚህ አገር አሥራ አራት ዓመት ስኖር ስንት ጊዜ «ራኩን» ብያለሁ፤ ቃሉ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ስሙ ነዋ፣ እማዬ» አልኳት። እናቴ በዚህ የምትረካ ሰው አይደለችም። እርሷ ባደገችበት አገር የሰው ስም ከተጠየቀ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «ምን ሲሉ አወጡልህ?» የሚል ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ መልአክ ያለ ምክንያት አያወጣም» ብላኝ ወደ መኝታዋ ሄደች።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጥያቄውን ይዤ ተቀመጥኩ፤ አንድ ምሽት ይበቃል ያልኩት ነገር ወሩን በላብኝ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ አንዱን ለይቼ ከምናገረው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ያስገረመኝ የቃሉ አገር ነው። ራኩን እንግሊዝኛ አይደለም። ቃሉ የተወለደው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ከቤቴ ወደ ደቡብ የሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ በመኪና ተነድቶ በሚደረስበት በባሕሩ ዳርቻ ቆላ ነው። አገሩ የፓውሃታን ሕዝብ ነበር። እንግሊዞች በ1607 ጄምስታውንን ሲቆረቁሩ፣ ካፒቴን ጆን ስሚዝ የሚባለው ወጣት ወታደር በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ተማርኮ ዌሮዎኮሞኮ ወደሚባለው የገዢው መቀመጫ ተወሰደ። በ1608 ለንደን ላይ በታተመው ጽሑፉ ያንን ንጉሥ ሲገልጽ፣ ከመሬት አንድ ጫማ ከፍ ባለ አልጋ፣ በአሥር ወይም በአሥራ ሁለት ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ፣ አንገቱ በዕንቁ ሐብል ተሞልቶ፣ በትልቅ የ‹ራሃውክም› ልብስ ተሸፍኖ አገኘሁት ይላል። ይህ ‹ራሃውክም› የዛሬው ራኩን ነው። እንግዲህ ቃሉ የእንግሊዝኛን ደጅ የረገጠው በቆሻሻ በርሜል በኩል አልነበረም፤ በንጉሥ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው። ስሚዝ ከዓመታት በኋላ፣ በ1624 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ያው ካባ ጅራቶቹ ሁሉ እንደተንጠለጠሉ የተሰፋ እንደነበር ጨምሯል። ይህን ለእናቴ ሳነብላት «ለምድ ነዋ!» አለች። ልክ ነች። የአንበሳ ጎፈር ለምድ ያየ ሰው የፓውሃታንን ካባ ለመገመት አይቸገርም።

በ1612 ደግሞ ያው ስሚዝ ስለ አገሩ አራዊት ሲጽፍ ‹አራውኩን› የሚሉት አውሬ አለ፣ በእንግሊዝ አገር ጉድጓድ እየቆፈረ ከሚኖረው አውሬ ጋር ይመሳሰላል፣ ኑሮው ግን እንደ ሽኮኮ ዛፍ ላይ ነው ይላል። (እኛ እዚህ ሽኮኮ የምንለውም፣ የአገራችን ሽኮኮ አለት ለአለት የሚኖር ሌላ ፍጥረት መሆኑን እያወቅን ነው። ስም ማዋስ ልማዳችን ነው።) ዊልያም ስትሬቺ የተባለው የሰፈሩ ጸሐፊ በበኩሉ በ1610 እና በ1611 ገደማ የፓውሃታንን ቃላት ሲሰበስብ ይህንኑ አውሬ ‹አራትኮን› በሚመስል ሆሄ አስፍሮታል። ራሃውክም፣ አራውኩን፣ አራትኮን። ሁለት ሰዎች፣ አንድ አውሬ፣ እንደየቀኑ የሚለዋወጥ ፊደል። ቃሉ መሐል ላይ የእንግሊዝ ጆሮ ሊይዘው ያልቻለ ትንፋሽ ነበረበትና እያንዳንዱ ጸሐፊ ያንን ትንፋሽ በፈለገው ፊደል ሞላው። ልስቅባቸው ብዬ ተውኩት፤ ሦስት ዓይነት ‹ሀ› ጽፎ አንድ ብቻ የሚያነብ ሕዝብ በሰው ሆሄ ባይስቅ ይሻለዋል። በእኛም ቃል ላይ ይኸው ደርሷል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከስሜን ተራሮች የወሰደውን ጦጣ በ1835 ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ‹ጭ›ን የሚይዝ ፊደል አላገኘም፤ ስለዚህ ጭላዳችን በዓለም መጻሕፍት ሁሉ ‹ጌላዳ› ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ጊዜ ቃሉን ከፊትም ከኋላም ላገው። የመጀመሪያው ‹አ› ወደቀ፣ መጨረሻው ተቆረጠ፣ ራኩን ቀረ። የፓውሃታን ቋንቋ የሚመደብባቸውን የጥንቱን የአልጎንኪን ቋንቋዎች የሚያጠኑ ሊቃውንት ቃሉን ወደ ኋላ ተከትለው ‹አህራህኩነም› ወደሚል ግንድ ያደርሱታል። ትርጉሙ «በእጆቹ ያሻል፣ ይፈትጋል፣ ይቧጭራል» ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ስሙ ስም አይደለም፤ ዓረፍተ ነገር ነው። ባለቤት አለው፣ ግሥ አለው፣ መሣሪያም አለው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይህን እንደ እንግዳ ነገር ያዩት ይሆናል፤ ይርጋለም፣ አስቻለው፣ ይታገሱ፣ ማን ያዘዋል እየተባባለ ለሚጠራራ ሕዝብ ግን ምን እንግዳ ነገር አለው? ፓውሃታኖች አውሬውን አይተው ዓረፍተ ነገር አወጡለት፤ እንደ እኛ ሰው።

የሚያሳዝነው ስም አውጪዎቹ ቋንቋቸውን ማጣታቸው ነው። የፓውሃታን ቋንቋ አሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ከማለቁ በፊት ከአፍ ጠፋ። የቀረው የስሚዝ አጭር ዝርዝርና የስትሬቺ ረዘም ያለው ነው፤ ሁለቱም ቋንቋውን በወጉ ባልተማሩ ሰዎች የተጻፉ ናቸው። በ1975 ፍራንክ ሲበርት የተባለ፣ በሙያው ሐኪም የነበረ ሰው እነዚያን ዝርዝሮች ከዘመድ ቋንቋዎች ጋር እያስተያየ የቋንቋውን ድምፆች መልሶ ለማዋቀር የደከመበትን ሥራ አሳተመ። ሕዝቡ ግን አልጠፋም። የፓመንኪና የማታፖናይ ልጆች ዛሬም በቨርጂኒያ መሬታቸው ላይ ይኖራሉ፤ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በተደረገ ውል መሠረት በየዓመቱ ለአገረ ገዢው አጋዘን ያመጣሉ። ቋንቋቸው ደግሞ ቁርጥራጩ በማያውቁት ሰዎች አፍ ውስጥ ይኖራል። ኦፖሰም የሚባለው አውሬ ስም የእነርሱ ቃል ነው። ሞካሲን ጫማ፣ ቶማሃውክ መጥረቢያ፣ ሂኮሪ ዛፍም እንዲሁ። አንድ አሜሪካዊ ሕፃን አምስት ዓመት ሳይሞላው ፓውሃታንኛ ይናገራል፤ ሳያውቀው።

ስለ ጋፋትኛ ሳስብ አመሸሁ። ዓባይን ተከትሎ ይነገር የነበረ፣ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ። ጄምስ ብሩስ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መኃልየ መኃልይን አስተርጉሞ አስጽፎበታል፤ ወልፍ ሌስላው በ1947 ተናጋሪ ፍለጋ ሲሄድ ያገኘው አራት ሰው ነበር። በጎጃም አማርኛ ውስጥ ስንት የጋፋት ቃል ተሸሽጎ ይሆን? እናቴ ሳታውቀው ስንቱን ትናገረው ይሆን?

ወደ አውሬው ልመለስ። ፓውሃታኖች እጁን አዩ። አውሮፓውያንስ ምን አዩ? ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ፣ ለፍጥረት ሁሉ የላቲን ስም ያደለው ሰው፣ ራኩንን ከድብ ወገን መደበው። በ1758 ያወጣለት ስም ‹ኡርሱስ ሎቶር›፣ አጣቢ ድብ፣ ነው። አውሬውን በስማ በለው አልነበረም የሚያውቀው። ከአልጋ ወራሹ ከአዶልፍ ፍሬድሪክ የተሰጠው ‹ሹፕ› የሚባል ራኩን ኡፕሳላ ውስጥ ያረባ ነበር። ሹፕ እንቁላል፣ ለውዝ፣ ዘቢብና ስኳር የተነሰነሰበት ኬክ ይወድ ነበር፤ ሲበዛም ግትር ነበር። አንድ ሌሊት በአጥር ዘልሎ ወደ ጎረቤት ግቢ ሲገባ ውሻ ገደለው። ሊኒየስ ካዘነ በኋላ፣ ሳይንቲስት ነውና፣ ቀዶ መረመረው፤ የምርመራውንም ውጤት በ1747 አሳተመ። በ1780 ጎትሊብ ሽቶር የተባለ ጀርመናዊ ድብ አለመሆኑን አይቶ የራሱን ወገን ሰጠውና ‹ፕሮሲዮን› አለው፤ በግሪክኛ ከውሻ የሚቀድም ማለት ነው፣ የአንድ ኮከብም ስም ነው። ‹ሎቶር› ግን አልተነሣም። እስከ ዛሬ የሳይንስ ስሙ ከውሻ የሚቀድም አጣቢ ነው። ለአንድ በርሜል ገልባጭ ትልቅ ማዕረግ ነው።

ድብነቱም ቢሆን ከሕዝብ አፍ አልጠፋም። ጀርመኖች ‹ቫሽቤር› ይሉታል፣ አጣቢ ድብ። ፊንላንዶች፣ ሃንጋሪዎች፣ ጣልያኖች፣ ቻይናውያን፣ ጃፓኖች፣ ሁሉም በየቋንቋቸው አጣቢ ድብ ነው የሚሉት። ፈረንሳዮች ብቻ ክብሩን ዝቅ አድርገው አጣቢ አይጥ አሉት። በእስራኤሏ ናታንያ ከተማ ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደውዬ በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል ብጠይቀው ‹ድቪቮን› አለኝ። ‹ዶቭ› ድብ ነው፤ ‹ድቪቮን› ድብ ሲያንስ ነው። ዶቭና ድብ የአንድ ግንድ ልጆች ስለሆኑ ይህን ስም ያለ አስተርጓሚ ሰማሁት።

ነገር ግን ድብ የሚለው ቃል ራሱ ለእኛ ምንድን ነው? በተራሮቻችን ድብ የለም። ቃሉን የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ ዳዊት ከበጎቹ መሐል የገደለው ድብ፣ በኤልሳዕ ያፌዙትን ልጆች የሰባበሩት ድቦች። በዓይናችን ላላየነው አውሬ ቃል አለን፤ በየሌሊቱ በርሜላችንን ለሚገለብጠው ግን የለንም። እዚህ ያለን አማርኛ ተናጋሪዎች በፊደላችን ‹ራኩን› ብለን ጽፈን አልፈነዋል።

እናቴን የሚያስደስታትን ነገር ያገኘሁት ሩሲያ ላይ ነው። ሩሲያውያን ራኩንን ‹ዬኖት› ይሉታል። ይህ ቃል የሽለምጥማጥ የአውሮፓ ስም ከሆነው ‹ጀኔት› የመጣ ነው። የራኩን ቆዳ በንግድ ሲደርሳቸው ቀለበታሙን ጅራት አዩና ሽለምጥማጥ ነው አሉ! ይህን ሳነብ ለብቻዬ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። በደብረ ማርቆስ ሴትና በሩሲያ ቆዳ ነጋዴዎች መካከል ምንም ግንኙነት የለም፤ አንድ ጅራት አይተው አንድ ፍርድ ሰጡ። በሳይንስ ሚዛን ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሽለምጥማጥና ጥርኝ ወደ ድመት ወገን ያደላሉ፣ ራኩን ወደ ውሻና ድብ። ለእናቴ ስነግራት የሰማችው ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። «አላልኩህም?» አለች።

እንግዲህ ማጠቡን እንመርምር። እውነት ያጥባል? ታስሮ የሚኖር ራኩን ምግቡን ውኃ ውስጥ እየነከረ ሲያሸው የታየ ነው፤ ግማሹ ዓለም አጣቢ ያለውም በዚህ ነው። በ1963 የታተመ አንድ ጥናት ግን ምግቡ ቆሸሸም አልቆሸሸም ለመንከሩ ለውጥ እንደማያመጣ አሳየ። ነጻ የሆነ ራኩን ሌሊት በወንዝ ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ እያየ፣ እጆቹን ውኃ ውስጥ ከትቶ ድንጋይ ሥር ሸርጣን መሰሉን ክሬይፊሽና እንቁራሪት ይዳብሳል። ወንዙን ስትነሣው ያንን ሥራ በምግብ ሳህኑ ላይ ይሠራል። የሚፈልገው ንጽሕና ሳይሆን ዳሰሳ ነው። ከጥፍሮቹ በላይ እንደ ድመት ጺም ያሉ ስሜት ያላቸው ፀጉሮች አሉት፤ ከአንጎሉ ውስጥ ለስሜት ከተመደበው ክፍል ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚጠጋው የሚሠራው ለፊት እጆቹ ነው። ውኃ ደግሞ የመዳፉን ቆዳ ያለሰልሳል። አውራ ጣቱ እንደ እኛ ወደ ሌሎቹ አይታጠፍም፤ ቢሆንም በአምስት ቀጫጭን ጣቶቹ ዓለምን ያነብባል። እኛ አየሁ የምንለውን እርሱ ዳሰስኩ ይላል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ስለዚህ ይፈረድ ከተባለ እኔ ለፓውሃታኖች እፈርዳለሁ። ሊኒየስ አውሬውን በግቢው አስሮ፣ ኬክ እያበላ አጠናው፤ «ያጥባል» አለ። ፓውሃታኖች በዱር አዩት፤ «በእጁ ያሻል፣ ይቧጭራል» አሉ። የመጀመሪያው ምክንያቱን ገመተ፤ ሁለተኛዎቹ ያዩትን ብቻ ተናገሩ፣ ያዩትም ትክክል ነበር። ከእነርሱ ጋር የሚስማሙ ሩቅ ጎረቤቶችም አሉ። በሜክሲኮ የናዋትል ተናጋሪዎች ‹ማፓች› በሚል ግንድ ይጠሩታል፤ ‹ማ› እጅ ነው፣ ትርጉሙም ሁሉን ነገር በእጁ የሚይዝ ማለት ነው። የዛሬው ስፓኒሽኛ ‹ማፓቼ› ከዚያ የመጣ ነው። አውሬው አብሯቸው የኖረ ሕዝቦች እጁን ሲያዩ፣ ከሩቅ የመጡት ድብ፣ አይጥ፣ ውሻ፣ ሽለምጥማጥ እያሉ የራሳቸውን አገር እንስሳ ፈለጉበት።

እናቴ በበኩሏ መጽሐፍ አላስፈለጋትም። ክዳኑን በሁለት በኩል መንጠቆ ባለው የላስቲክ ገመድ አስሬው ነበር። ሦስት ሌሊት በመስኮቱ ጠበቀችው። በሦስተኛው ሌሊት መጥታ ቀሰቀሰችኝ። ራኩኑ በኋላ እግሮቹ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ፣ እንደ መቁጠሪያ ቆጣሪ መነኩሴ ገመዱን በጣቶቹ እየዳበሰ ነው። ቀስ ብሎ መንጠቆው ጋ ደረሰ። ገፋው። አልሆነም። ጎተተው። ገመዱ ተወርውሮ አጥሩን መታ።

«ይህስ ባለ እጅ ነው!» አለች እናቴ።

አማርኛ ለሚያውቅ ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። ባለ እጅ ሲሉ እጅ ያለው ማለት ብቻ አይደለም፤ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ባለ እጅ ናቸው። (በነገራችን ላይ ‹ስሚዝ› የሚለው የካፒቴኑ ስምም ቀጥቃጭ ማለት ነው። አውሬውን ለዓለም ያስተዋወቀውም ባለ እጅ ነበር እንበል።) እናቴ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ፣ ቋንቋቸውን ሳትሰማ፣ ፓውሃታኖች ያወጡትን ስም አወጣች። ይህን ስነግራት ደስ አላት፤ ግን ሳቋ ሳያልቅ ፊቷ ተለወጠ። ምን እንዳሰበች የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የገባኝም በራኩን ስም ላይ የደረሰውን ሌላ ነገር ስለማውቅ ነበር።

ወደዚህ አገር እንደመጣሁ በመኪና ማቆሚያ እሠራ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ጓደኛዬ በዕድሜ የገፋ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በእንግሊዝኛ በስሙ እጠራዋለሁ፣ በልቤ ግን ጋሼ ነው። አንድ ሌሊት ራኩን በመኪኖቹ መሐል ሲያልፍ እኔ በቴሌቪዥን ከአዳኞች የሰማሁትን የስሙን አጭር ቅርጽ፣ የመጨረሻውን ግማሽ ብቻ፣ ተናገርኩ። ሰውየው አልተቆጣም። ወንበሩን አስጠግቶ «ልጄ፣ ሙሉውን ስሙን ጥራው» አለኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ያ ግማሽ ቃል በ1840ዎቹ ዊግ የሚባለው የአሜሪካ ፓርቲ ፖለቲከኞች መጠሪያ ነበር፤ ራኩን ምልክታቸው ነበርና። ጥቁሮችን ለማላገጥ ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በሚጫወቱበት መድረክ ደግሞ ቃሉ በጥቁር ሰው ላይ ተለጠፈ፤ ከመቶ ዓመት በላይ መሳደቢያ ሆኖ ኖረ። እርሱ በልጅነቱ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሲጠራበት የነበረ ነው። በእኔም ላይ እንደሚሠራ ነገረኝ፤ ሰዳቢው ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ለዚህ ነው እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን ያላገኛችሁት። የንጉሥ ካባ የነበረ ስም ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ አንዱ ስባሪ የሰው መውጊያ ሆነ።

እናቴ ያሰበችው ባለ እጆችን ነበር። በልጅነቷ መንደራቸው ዳር ሸክላ ሠሪ ሴት ነበረች። ምጣዱንም እንስራውንም ከእርሷ ይገዛሉ፤ ቤቷ ገብተው ግን ውኃ አይጠጡም። ቡዳ ናት፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች ይባል ነበር። አፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ የእናቴ መንደር አዋጁ አልደረሰውም ወይም ደርሶት አልሰማም። «እጇ እንዴት ያለ እጅ ነበር» አለች እናቴ ከብዙ ዝምታ በኋላ። «እኔ ልጅ ሆኜ ፊቷን ለማየት ስለምፈራ እጇን ነበር የማየው።» ከዚያ የሴትየዋን ስም ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ባለ እጇ ነው የሚሏት።

በመስከረም እናቴ ተመለሰች። ቅዳሜ ማታ እኛ ልንተኛ ስንል፣ እዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ ትደውላለች። ባለፈው ቅዳሜ ሽለምጥማጥ ሁለት ዶሮ እንደወሰደባት ነገረችንና «የእናንተስ ባለ እጅ?» አለች። በርሜሉ ላይ ቁልፍ ገዝቼ እንዳደረግኩበት ነገርኳት። «ምን ዓይነት ቁልፍ?» አለች። የሚሽከረከር፣ ተጭነው የሚያዞሩት እንደሆነ ገለጽኩላት። ዝም አለች፤ በልቧ እየዳሰሰችው እንደሆነ ታወቀኝ።

ልጄ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ወጥ ቤት ወረደች። ተከትያት ስሄድ መብራት ሳታበራ መጋረጃውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ ቆማለች።

«መጥቷል፣ እማማ» አለቻት በሹክሹክታ። «ሰማይ ሰማይ እያየ ነው። እጁ ግን ቁልፉ ላይ ነው።»